እገሌ የት ደረሰ?

ባለፈው መስከረም፣ በመስቀል ሰሞን፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ለበዓል ሲሄድ ቡኢ ላይ ቆም ብሎ ቤቴ ገባ። በመስቀል ሰሞን ቡኢን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ መንገዱ ከንጋት እስከ ምሽት መኪና አያጣም። ከከተማ የሚመለሰው ሁሉ ወደ እናትና አባቱ ቤት ይጣደፋል። ወዳጄም የራሱን ቪትዝ እየነዳ፣ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ነበር የመጣው። ባለቤቴ ቡና አፈላች። እኔም ከመጻሕፍቶቼ መካከል ፈልጌ የ2004 ዓ.ም. የምረቃ መጽሔታችንን አወጣሁ።

መጽሔቱ የምታውቁት ዓይነት ነው። ጥቁር ጋዋን፣ ቆብ፣ ከፎቶው ሥር ስም፣ ከስሙ ሥር ደግሞ «የመጨረሻ ቃል»። ከጂኦግራፊ ክፍል የተመረቅነው 46 ነበርን። ወዳጄ ገጹን እየገለጠ፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ እያየሁ ጀመርን።

«ይሄስ የት ደረሰ?»

«ባንክ ገብቶ ነበር፤ አሁን የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል።»

«እሷስ?»

«ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ገባች። ሁለት ልጅ ወልዳለች።»

«ይሄ ክፍል እያረፈደ የሚመጣውስ?»

«አትሳቅ፤ ዶክትሬቱን እየሠራ ነው።»

አንዷ ዱባይ ናት። አንዱ አግብቶ ፈትቷል። አንዱ መምህርነቱን ትቶ ሲሚንቶ ይነግዳል፤ ሀዋሳ ላይ ቤት ሠርቷል። አንዱ መጀመሪያ ከተቀጠረበት ወረዳ እስካሁን አልተነቃነቀም። እንዲህ እያልን የ46 ሰው የ13 ዓመት ኑሮ በረካው ሳይደርስ ጨረስን። ለእያንዳንዱ ሰው የደረሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በውስጡም ሦስት ነገር ብቻ አለ፦ ሥራ፣ ትዳርና አገር።

ነገሩ ጨዋታ ነበር፤ እኛም ስቀናል። ነገር ግን በዚያ ቡና ላይ ሁለት ነገሮች ሆኑ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ስለ እነሱ ነው።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ወዳጄ ከክፍላችን ልጆች ለአንዱ ደወለና ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው። በሞቀ ሰላምታ ተጠያየቅን። ከዚያ ያ ሰው፣ «አንተስ የት ደረስክ? ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ። እኔም፣ «ወጣቶች ላይ በሚሠራ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ነኝ» አልኩት። ቡና ትቀዳ የነበረችው ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ወዳጄም አየኝ። ማንም ምንም አላለም።

እኔ ምንም ፕሮጀክት ውስጥ አይደለሁም። ሦስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካስተማርኩ በኋላ የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ሆኜ የማገለግል ሰው ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ እናንተ ላሉ ወጣቶች ስለ እውነት የማስተምር ሰው! ያን ዕለት ግን ጌታ የሰጠኝን አገልግሎት፣ በባንክ ሥራ አስኪያጁና በሲሚንቶ ነጋዴው መካከል ያምር ዘንድ ሌላ ስም አወጣሁለት። የጠየቀኝ ሰው አልናቀኝም፤ አላስገደደኝም። ቀድሜ ራሴን በሚዛን ላይ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ።

ሁለተኛው ነገር ከዚያ ቀደም ብሎ ያለፈ ነው፤ ያኔ ግን አላስተዋልኩትም። ወዳጄ አንድ ገጽ ገልጦ፣ «እሱስ?» አለኝ። የዶርም ጓደኛዬ ነበር። እሱ ከላይኛው፣ እኔ ከታችኛው አልጋ ሆነን ሦስት ዓመት የኖርን፣ ማታ ማታ አብረን የጸለይን። «እንጃ» አልኩት። ወዳጄም ገጹን ገለጠ። ከ46ቱ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ያልደረሰው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ያን ገጽ መልሼ ገለጥኩት። «እንጃ» ያልኩት ግማሽ እውነት ነበር። የት እንዳለ በእርግጥ አላውቅም። የማላውቅበትን ምክንያት ግን አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ደውሎልኝ አላነሳሁም። ከምረቃ በኋላ ሥራ አጥቶ፣ ዲግሪውን ይዞ ኮብልስቶን ሲያነጥፍ እንደነበር፣ በኋላም የጀመራት ትንሽ ንግድ እንደከሰረችበት ሰምቼ ነበር። ስሙን ስልኬ ላይ ሳየው «ገንዘብ ሊጠይቀኝ ነው» ብዬ አሰብኩ። በኋላ እደውላለሁ አልኩ። አልደወልኩም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ስለ አንድ ሰው «የት ደረሰ?» ብለን ስንጠይቅ በእውነቱ የምንጠይቀው ምንድን ነው?

ቃሉን ልብ በሉት። «የት ደረሰ?» የመንገደኛ ቃል ነው። ሁሉም ሰው ወደ አንድ ቦታ እየሄደ እንደሆነ፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ቀርቶ እንደሆነ ያስመስላል። የኮሌጅ ጓደኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በአንድ ቀን ገብተናል፣ በአንድ ካፌ በልተናል፣ አንድ ፈተና ተፈትነናል፣ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ጋዋን ለብሰናል። መነሻችን አንድ ስለሚመስለን፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ልዩነት ሁሉ የጉብዝናና የስንፍና ውጤት አድርገን እንቆጥረዋለን። ነገር ግን መነሻችን አንድ አልነበረም። አንዱ ሲመረቅ የአባቱ ሱቅ ይጠብቀው ነበር፤ ሌላውን ደግሞ የእናቱ የጉልት ዕዳ። አንዷን ወደ አሜሪካ የወሰዳት ዕጣ ነው፤ ስሙም ሎተሪ ነው። ጋዋኑ ለአንድ ቀን ሸፈነው እንጂ መነሻችንን አንድ አላደረገውም።

ከጌታችን ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል «ሬቶሪክ» በተባለው ሥራው ስለ ቅናት ሲያስረዳ፣ ሰው የሚቀናው በዘመን፣ በቦታ፣ በዕድሜና በዝና በሚቀርበው ሰው ላይ ነው ይላል። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅም በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ራሱን የሚለካበት ግልጽ መለኪያ ሲያጣ እሱን በሚመስሉ ሰዎች እንደሚለካ አስረድቷል። ይህ በእኔ ላይ እውነት ነው። የዓለም ቢሊየነሮችን ሀብት ሰምቼ አንድም ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። የክፍሌ ልጅ ሀዋሳ ላይ ቤት ሠራ ሲሉኝ ግን ውስጤ አንድ ነገር ኮሰኮሰኝ።

ዘመንና አገር ሚዛኑን ይለውጡታል። ከእኛ ከተማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ጢያን አይታችኋል። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች ከመቃብር ጋር የቆሙ ናቸው። በብዙዎቹ ላይ የተቀረጸው ሰይፍ ነው። ለእነዚያ ሰዎች ሊታወስ የሚገባው ነገር በሰይፍ ይነገር ነበር ማለት ነው። ሰይፉን ዛሬም ቆጥረን መናገር እንችላለን፤ የሰዎቹን ስም ግን አንድም የሚነግረን የለም። የእኛ ዘመን ድንጋይ ቢቀረጽ ምን ይጻፍበት ይሆን? የሥራ መደብ? የመኪና ሞዴል? የመኖሪያ ፈቃድ?

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «እሱስ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አለ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ላይ፣ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ ዓሣና እንጀራ አቅርቦ ካበላቸው በኋላ ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ጠየቀው፤ በጎቹን አደራ ሰጠው፤ በምን ዓይነት ሞት እግዚአብሔርን እንደሚያከብርም ነገረው። ይህን ያህል ነገር ተሰጥቶት ሳለ ጴጥሮስ ዘወር ሲል ጌታ ይወደው የነበረውን ደቀ መዝሙር አየ። ወዲያው የእሱ ነገርስ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ጌታም የዚያ ሰው ጉዳይ የጴጥሮስ እንዳልሆነ፣ የእሱ ድርሻ መከተል እንደሆነ መለሰለት። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። በዚያ ንግግር ምክንያት ያ ደቀ መዝሙር አይሞትም የሚል ነገር በወንድሞች መካከል ተወራ፤ ወንጌላዊውም ጌታ እንዲህ አላለም ብሎ ማረም አስፈለገው። ጥያቄው ለዮሐንስ ምንም አልጠቀመውም፤ ለጴጥሮስም አልጠቀመው። ያተረፈው ነገር ቢኖር ወሬ ነው። የእኛም የመስቀል ቡና እንደዚያው ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ስለ ሰው አትጠይቁ ልትለን ነው?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ሌሎቻችሁም «በጓደኛ ስኬት መነሣሣት ምን ክፋት አለው?» ትላላችሁ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የዕብራውያን መልእክት ለፍቅርና ለመልካም ሥራ እንድንነቃቃ እርስ በርስ እንድንተያይ ያዛል። ጓደኛዬ ዶክትሬት መሥራቱ እኔን መጽሐፍ ቢያስከፍተኝ በረከት ነው። ከዚህም ሌላ አደጋ አለ፤ እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የምንወድቅበት። ማመልከቻ ማስገባት ስንሰንፍ «እኔ ዓለማዊ ነገር አያጓጓኝም» እንላለን። ቅናታችንን «የሞላለት ሰው ጌታን ይረሳል» በሚል ስብከት እንሸፍነዋለን። እኔ ራሴ የሲሚንቶ ነጋዴውን ወሬ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት «ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ትቶ ይሆናል» የሚል ነበር። ማንም እንደዚያ አላለኝም። ባይሄድ ኖሮ ደስ ሊለኝ ነበር ማለት ነው። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይህ ነው።

ስለዚህ ችግሩ መጠየቁ ላይ አይደለም። ከጥያቄው በኋላ የሚሆነው ነገር ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ ሌላ ጠያቂ አለን።

ነህምያ በባዕድ አገር የተሳካለት ሰው ነበር። በሱሳ ግንብ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ነው። በዛሬ አነጋገር «የት ደረሰ?» ቢባል «ቤተ መንግሥት» የሚባልለት ሰው ነው። ከወንድሞቹ አንዱ ሐናኒ ከይሁዳ ሲመጣ ነህምያ ስለ ቀሩት ወገኖቹና ስለ ኢየሩሳሌም ጠየቀ። ሕዝቡ በመከራ እንዳለ፣ ቅጥሩ እንደፈረሰ፣ በሮቹም እንደተቃጠሉ ነገሩት። «አይ፣ ያሳዝናል» ብሎ ወደ ሥራው አልተመለሰም። ተቀምጦ አለቀሰ፤ ጾመ፤ ጸለየ። በጸሎቱም የወገኖቹን ኃጢአት ሲናዘዝ ራሱንና የአባቱን ቤት ጨመረ። በኋላም ከንጉሡ ፈቃድ ጠይቆ ሄደ። ቅጥሩ በ52 ቀን ተጠናቀቀ።

የጴጥሮስና የነህምያ ጥያቄ በቃል ደረጃ ተመሳሳይ ነው፤ ሁለቱም «እንዴት ሆኑ?» ብለዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ አንደኛው የሌላውን ዕጣ ሰምቶ የራሱን ዕጣ ሊመዝን ነው፤ ሁለተኛው ግን የሚሰማው መልስ ቢያስከፍለውም ሊከፍል ተዘጋጅቶ ነው። ስለ አንድ ሰው መጠየቅ ማለት መልሱን መሸከም ማለት ነው። ልንሸከመው ያላሰብነውን ከጠየቅን የጠየቅነው ስለ ሰውየው አይደለም፤ ስለ ራሳችን ነው።

የዚህ ምሳሌ በእግራችን ሥር አለ። በ1950ዎቹ፣ ከዚህ ከሶዶ ወጥተው አዲስ አበባ ላይ በንግድና በሥራ የኖሩ ሰዎች ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ዓላማ መንገድ ነበር፤ ከዓለም ገና ተነሥቶ በእኛ አገር አድርጎ፣ ቡታጅራንና ሆሳዕናን አልፎ ወላይታ ሶዶ የሚደርስ መንገድ። ስሙም የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ የመንገድ ሥራ ማኅበር ተባለ። ገንዘብ አዋጡ፤ ከመንግሥትም ጋር ተባብረው ሥራውን አስጀመሩ። ዛሬ የምንሄድበት አስፋልት በኋላ የመጣ ነው፤ መነሻው ግን የእነሱ መዋጮ ነው። እነዚያም ሰዎች እንደ እኛ ሲገናኙ «እገሌ የት ደረሰ? ስንት ሱቅ ከፈተ?» ሳይባባሉ አልቀሩም። ነገር ግን እዚያ ላይ አልቆሙም። ስለ ቀረው ዘመዳቸው ጠይቀው፣ መልሱን ሲሰሙ ወደ እሱ የሚወስድ መንገድ ሠሩ። ወዳጄ ቪትዙን እየነዳ ቤቴ የደረሰው በዚያ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከክፍላችን ልጆች አንዱ የመቀሌ ልጅ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ልናገኘው አልቻልንም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ፣ መስመሩ ሲመለስ ሳላቋርጥ ሞከርኩ። አንድ ቀን ጠራ። አነሣው። የሁለታችንም የመጀመሪያ ቃል አንድ ነበር፦ «አለህ?»

ሥራው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ማግባቱን አልጠየቅኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። «አለህ?» «አለሁ፤ አንተስ አለህ?» «አለሁ፤ ጌታ ይመስገን።» ይህን እየተባባልን አለቀስን። በአማርኛችን በየቀኑ «አለህ?» «አለሽ?» እያልን ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ትርጉሙን ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው። ሰው ሥራ፣ ትዳርና አገር ከመሆኑ በፊት ያለ ነው። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ሲጠራው የጠየቀውም የት እንዳለ ነው፤ የጠየቀውም ሊፈልገው ነው እንጂ ሊመዝነው አይደለም።

ታዲያ በመስቀል ማግስት የዶርም ጓደኛዬን ፍለጋ ጀመርኩ። የድሮ ስልኩ አይሠራም። ሆሳዕና ያለ አንድ የአገልግሎት ወንድም አፈላልጎ የታናሽ ወንድሙን ቁጥር አገኘልኝ። ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ ነገረኝ። በሞያሌ በኩል ነው የወጣው፤ ታንዛኒያ ላይ ተይዞ ወራት ታስሯል፤ አሁን በሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። በዋትስአፕ ደወልኩለት። ድምፄን ሰምቶ በዶርም ቅጽል ስሜ ጠራኝ።

ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ስለ እነዚያ ሦስት ጥሪዎች አነሣሁ። እሱ ሳቀ። «አዎ፣ አስታውሳለሁ» አለኝ። «ከመሄዴ በፊት እናቴን ልሰናበት ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና ስወርድ ጎማ ፈንድቶብን ቡኢ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመን ነበር። ‹ቡና አጠጣኝ› ልልህ ነበር። ሥራ ላይ ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

ገንዘብ አልነበረም። ቤቴ ከመናኸሪያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

በእርግጥ ገንዘብም ቢሆን ኖሮ ስልኩን ማንሣት ነበረብኝ፤ የለኝም ማለትም አንድ መልስ ነው። ዛሬም የምጸጸተው ግን አሳቤ ስህተት ስለነበረ ብቻ አይደለም። ድምፁን ሳልሰማ፣ በሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰውየውን ጨርሼ ስላወቅኩት ነው። «ኮብልስቶን፣ ኪሳራ» የሚለው ወሬ በእኔና በሦስት ዓመት የጸሎት ጓደኛዬ መካከል ቆመ። ለባንክ ሥራ አስኪያጁ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ ነበር።

ይህን የምታነቡ ወጣቶች፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ገና የምረቃ መጽሔታችሁ አልታተመም። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከተመረቃችሁ ሁለት ሦስት ዓመት አልፏችሁ ሥራ እየፈለጋችሁ ነው፤ «የት ደረስክ?» «የት ደረስሽ?» የሚለው ጥያቄ ከሰው መንገድ እያሸሻችሁ ነው፤ የጓደኛ ሠርግ እንኳ እያስቀራችሁ ነው። ለሁላችሁም የምለው አንድ ነው። ስለ 46 ሰው መሸከም አትችሉም፤ እኔም አልችልም። ነገር ግን መጽሔቱን ስትገልጡ «እንጃ» ብላችሁ የምታልፉት አንድ ገጽ ይኖራል። ከዚያ ጀምሩ። ደውሉና «አለህ?» በሉ፤ «አለሽ?» በሉ። ከዚያ በኋላ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ወንድሜ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት፣ «አንተስ፣ ምን እየሠራህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ቡኢ ነኝ» አልኩት። «ቤተ ክርስቲያን አስተምራለሁ።»

«ጌታ ይባርክህ» አለኝ። «እንግዲያው ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ስትጸልዩ እናቴን አስቧት። ብቻዋን ናት።»

የእናቱ ቤት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከወጣቶቻችን ሦስቱን ይዤ በሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን።